ሌላውን በተስፋ ያየ መምህር፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ሥራ

የአዋሽ ወንዝ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ረጅሙን ስምጥ ሸለቆ ካቋረጠ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ የሚቀር ወንዝ ነው። ጉዞው የሚያበቃው በአውሳ ሲሆን፣ ከገመሪና ከአፋምቦ ሐይቆች አልፎ በመጨረሻ በአቤ ሐይቅ ያርፋል። በዙሪያው ያለው ምድር ድንጋይና አሸዋ ሲሆን አውሳ ብቻ በወንዙ በረከት ለምልማ ትታያለች። ከታጁራ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጡት የቅፍለት መንገዶች ይህንን የአፋር ምድር ሳይረግጡ አያልፉምና፣ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ታች ሲጓዝበት ብዙ ዘመን ኖሯል።

በኖቬምበር 1875 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከታጁራ የተነሣ የግብፅ ጦር በዚህ አገር አልፎ ወደ ሸዋ ለመዝለቅ ሲጓዝ፣ የአውሳ አፋሮች በሌሊት ደርሰው ደመሰሱት። የጦሩ መሪ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነበር። እርሱም ባለቤቱም አብዛኛው ወታደርም በዚያው ቀሩ። ለአውሳ ሰው ሙንዚንገር መሣሪያ ታጥቆ ሳይጠራ የመጣ ወራሪ ነበርና፣ አገሩን መከላከሉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሰው ከአምስት ዓመት በፊት በምጽዋ ወደብ ከባርነት ነጻ ያወጣው አንድ የኦሮሞ ልጅ ነበር። ያም ልጅ ኋላ አድጎና ተምሮ ለሚሊዮኖች የሚሆን መጽሐፍ በገዛ ቋንቋቸው አስረከባቸው።

አንዱ ሰው ለአንዱ ወራሪ፣ ለሌላው ነጻ አውጪ ሆኖ ይገኛል። ሰውን በአንድ ሥራው ብቻ መዝኖ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው። ሰውን ከነበደሉና ከነደግነቱ፣ ደግሞም ገና ሊሆን ከሚችለው ጋር ማየት ግን ከባድ ነው። ክርስትና ይህንን ከባዱን አመለካከት ከተከታዮቹ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ምድር ይህንን ጥያቄ በሕይወታቸው ከመለሱት ሰዎች አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ልጅነትና ባርነት

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። የተወለደበት ስሙ ሂካ ነው። ሂካ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ሲሆን፣ ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡለት ኋላ የዕድሜ ልክ ሥራው እንደሚሆን ሊያውቁ የሚችሉ አልነበሩም። አባቱ የሞተው ልጁ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደገችው መበለት እናቱ ነበረች። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከዚህች እናት ነጥቀው ወሰዱት። ራሱ ኋላ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን እንደጻፈው፣ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አልፏል።

በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በአገሩ ሁሉ ሥር የሰደደ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የተያዙት አንዳንዶቹ በጎጃም ገበያዎች በኩል ወደ መተማና ወደ ምጽዋ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሸዋ በኩል በአልዩ አምባ ገበያ አልፈው፣ አዋሽን ተሻግረው፣ በአፋር ቆላ ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ከባሕሩ ማዶ የዐረብ አገር ገበያ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ንግድ እጁ ንጹሕ የሆነ ወገን ማግኘት ያስቸግራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ደገኛውም ቆለኛውም፣ የሩቁ እንግዳም የቅርብ ጎረቤትም በመፈንገሉ፣ በመሸጡና በመግዛቱ ተካፍሏል። የገዛ ወገኑን ልጅ አሳልፎ የሰጠ ባላባትም ነበር። ስለዚህ ሂካ ዕድሜ ልኩን የሚጠላው ሰው ቢፈልግ የሚያጣ አልነበረም። ስምንቱን ጌቶች ብቻ ሳይሆን፣ አገሩንና ዘመኑን በሞላ ለመጥላት የሚበቃ ምክንያት በገዛ አካሉ ላይ ተሸክሞ ነበር።

በ1870 ሂካ ምጽዋ ደረሰ። ሙንዚንገር ያን ጊዜ በዚያ ወደብ በቆንስልነት ያገለግል ነበር። የአፋርን ቆላ በ1867 ተጉዞ ስለ አገሩ የጻፈ፣ የአካባቢውን ቋንቋዎች ያጠና ሰው ነው። ልጁን ነጻ አውጥቶ በእምኩሉ ለሚገኙት የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መምህራን ሰጠው። ሙንዚንገርን ወደዚህ ሥራ የመራው ርኅራኄ ይሁን ሌላ አሳብ፣ ለልጁ ፍሬው አንድ ነበር፤ ሰንሰለቱ ተቆረጠ።

የስሙ ምሥጢር

የስዊድን ሚስዮናውያን ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ነበር። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር። ይህንን አሳብ ያሳደረባቸው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ነው። እርሱ በ1839 በታጁራ መንገድ የአፋርን ምድር አቋርጦ ሸዋ የገባ፣ ስለ ኦሮሞም ሕዝብ ብዛትና ስለ ቋንቋው ውበት በአውሮፓ ብዙ የጻፈ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ስዊድናውያኑ በባሕሩ ዳር ቀሩ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመሄድ መጥተው ሳይሆንላቸው ሲቀር፣ የኦሮሞ ልጆች ከባርነት ወጥተው ወደ እነርሱ መጡ። እምኩሉ የነጻ ወጪዎች መንደርና ትምህርት ቤት ሆነች።

ሂካ በትምህርቱ የተጋ ተማሪ ሆነ። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ በዓል፣ ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ የተባለው ያን ጊዜ ነው። የአዲስ ኪዳን አንባቢ ይህንን ስም ከሐዋርያው ጳውሎስ የፊልሞና መልእክት ያውቀዋል። የዚያን ዘመን ኦኔሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የኮበለለ ባሪያ ነበር። ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ ወደ ጌታው መልሶ ሲልከው፣ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምናል። የስሙ ትርጉም የሚጠቅም ማለት ነው። ጳውሎስ በዚህ ትርጉም ተመርኩዞ፣ ቀድሞ የማይጠቅም ይባል የነበረው ሰው አሁን ለሁለታችንም የሚጠቅም ሆኗል የሚል አሳብ ይገልጻል።

መልእክቲቱ ከአንድ ገጽ እምብዛም የማትበልጥ ብትሆንም፣ ሰውን ስለ ማየት ከተጻፉት ሁሉ ጥልቅ ከሆኑት አንዷ ናት። ባሪያውን ወንድም፣ ጌታውንም ይቅር ባይ ሊሆን የሚችል ሰው አድርጋ ታየዋለች። ለምጽዋው ልጅ ይህ ስም ሲወጣለት፣ ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሎች ሁሉ ሊኖረው የሚገባው አመለካከት አብሮ ተሰጠው ማለት ይቻላል።

የተዘጉ መንገዶች

በ1876 ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን ተልኮ፣ በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው በዮሐነሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ በአውሮፓ ሊኖር፣ ወይም በምጽዋ ተደላድሎ በመምህርነት ሊቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን አሳቡ በአንድ ነገር ላይ ጸንቶ ነበር፤ ተነጥቆ ወደ ወጣበት አገር ተመልሶ፣ ሸጦ ላወጣው ሕዝብ መምህር መሆን።

በ1881 ኦኔሲሞስ ወደ ምጽዋ ተመለሱ፤ ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ጉዞ ጀመሩ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ ሚስዮናውያን በደጋው እንዳያልፉ ከልክለው ስለ ነበር፣ ቡድኑ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በጅዳና በሱአኪን በኩል ወደ ሱዳን ዞረ። ጥቁር ዐባይን ተከትለው እስከ ፋማካ ድረስ ከተጓዙ በኋላ መንገዱ ተዘጋባቸው። የኦሮሞ ምድር እየቀረበ ሳለ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ። በ1882 በንዳድ ታመው ካርቱም ሲደርሱ፣ ሱዳን በመሐዲስቶች መነሣት ትታመስ ነበር። ከዚያ ሁሉ አምልጠው እንደገና እምኩሉ ገቡ።

በ1884 ደግሞ ሌላ ሙከራ ተደረገ። በዚህ ጊዜ የተመረጠው የታጁራ መንገድ ነበር። ይህ መንገድ ከአሰል ሐይቅ ጨዋማ ዳርቻ ጀምሮ፣ ከአውሳ በስተ ደቡብ ያለውን የአፋር በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ተራሮች ግርጌ የሚያደርስ ነው። መንገደኛው ሕይወቱን የሚያኖረው በአፋር መሪና በግመል ባለቤቶች እጅ ነው። ውሃው ያለበትን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የጎሣ ጠብ ያለበትን ሥፍራ ለይተው የሚያስቀሩም እነርሱ ናቸው። በአፋር ባህል መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ዳጉ በሚባለው ሥርዓት ያየውንና የሰማውን አንዱ ለሌላው ያካፍላል። በዚያ ምድር እንግዳን ሳይጠይቁና ሳይሰሙ ማለፍ ነውር ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም አደጋ ነው።

የኦኔሲሞስ ቡድን በዚህ መንገድ አለፈ። ሙንዚንገር የሞተበት አውሳ ሩቅ አልነበረም፤ ከሞተም ገና ዐሥር ዓመት ያህል ነበር። መንገዱም የኦሮሞ ልጆች እንደ ሂካ ሁሉ ወደ ባሕር የሚነዱበት መንገድ ነው። የሚሸጡት ወደ ታች ሲወርዱ፣ የተሸጠው ሰው መጽሐፍና ተስፋ ይዞ በዚያው ዱካ ወደ ላይ ወጣ። ከተጓዡ ጋር ቤተ ሰቡም ነበረ።

ሸዋ ከደረሱ በኋላ ግን በሩ እንደገና ተዘጋ። ንጉሥ ምኒልክ ያን ጊዜ የዐፄ ዮሐንስ ተገዥ ነበሩና፣ ወደ ኦሮሞ ምድር እንዲያልፉ ሊፈቅዱላቸው አልቻሉም። ያን ሁሉ በረሃ መልሰው አቋርጠው በ1886 ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ከእንጦጦ እስከ ወለጋ የቀረው መንገድ ካለፉት ጋር ሲነጻጸር አጭር ነበር። ይህንን አጭር መንገድ ለመሄድ ኦኔሲሞስ ዐሥራ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ቋንቋን መልሶ መማር

መንገዱ ሲዘጋ ኦኔሲሞስ ወደ ጽሕፈት ተመለሱ። ወደ ሕዝባቸው መሄድ ባይችሉ፣ ቃሉ ከእርሳቸው ቀድሞ እንዲሄድ ወሰኑ። በ1887 የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ ወጣ። በ1893 አዲስ ኪዳን ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ፣ መጫፈ ቁልቁሉ፣ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታትሞ ተፈጸመ።

ይህንን ሥራ ለመገመት፣ ኦሮምኛ ያን ጊዜ በስፋት የሚነገር ነገር ግን እምብዛም ያልተጻፈ ቋንቋ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ተርጓሚው የሚመለከተው መዝገበ ቃላት፣ የሚከተለው የሰዋስው ደንብ፣ የሚያነጻጽረው የቀደመ ጽሑፍ በበቂ አልነበረውም። ፊደሉም የራሱ ችግር ነበረው። በኦሮምኛ የድምፅ ማጠርና መርዘም ትርጉም ይለውጣል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ይህንን ለይቶ አያሳይም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ችግር ግን በተርጓሚው ውስጥ የነበረ ነው። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነው። የሽማግሌ ሸንጎ ንግግር፣ የሕግ ቃል፣ ተረትና ምሳሌ፣ የሐዘንና የደስታ ቅኔ የሚማሩበት ዕድሜ በባርነትና በባዕድ አገር አልፏል። ባርነት ከእናታቸው ብቻ ሳይሆን ከቋንቋቸውም ለይቷቸው ነበር። ብዙ የተማረ ሰው ይህንን ጉድለት ለመሸፈን ይሞክራል። እርሳቸው ግን ጉድለታቸውን ዐውቀው ከሌሎች ለመማር ተቀመጡ።

ያስተማሯቸውም እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ የላቀችው አስቴር ገኖ ናት። አስቴር በሊሙ ኢናሪያ ንጉሥ ሰዎች ተይዛ ለባርነት የተዳረገች፣ ወደ ዐረብ አገር ለመሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ደርሶ ነጻ ያወጣት ልጅ ነበረች። ወደ እምኩሉ ስትመጣ የአገሯ ቋንቋ በአፏ ትኩስ ነበር። ለትርጉም ሥራው የሚሆን የቃላት ስብስብ አዘጋጀች። ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች። በ1894 በሁለቱ ስም የወጣው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ፣ ጀልቀበ በርሲሳ፣ በአብዛኛው በዚህ ሀብት የተሞላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳይነገር መቅረት የለበትም። በመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም የአስቴር ድርሻ ታላቅ ሆኖ ሳለ፣ ስሟ ለረጅም ጊዜ እንደ ሥራዋ መጠን አልተነገረላትም። የዘመኑ ልማድ የተማረውን ወንድ አጉልቶ ሴቲቱን ከጥላው ሥር ያኖር ነበር። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ግን የእርሷን ሥራ ከተረሳበት አውጥተው፣ ከኦሮምኛ ጽሑፍ መሥራቾች መካከል ቦታዋን ሰጥተዋታል።

ስለ ትርጉሙ ሌላም ሊጠቀስ የሚገባው ነገር አለ። ኦኔሲሞስና ጓደኞቻቸው ለእግዚአብሔር ስም ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ፈጣሪውን የሚጠራበትን ዋቃ የሚለውን ቃል መረጡ። ከባዕድ ቋንቋ ስም ማምጣት ይችሉ ነበር። የሕዝቡን ቃል ሲወስዱ ግን፣ ይህ ሕዝብ ወንጌል ከመድረሱ በፊትም ፈጣሪውን ይፈልግ እንደ ነበር መሰከሩ። ሕዝቡን ባዶ ዕቃ አድርገው አላዩትም። ተረቱንና ምሳሌውንም ሰብስበው በመማሪያ መጽሐፍ ማተማቸው ከዚሁ አመለካከት የመጣ ነው።

ነቀምት

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ ከባለቤታቸው ከሊዲያ ዲምቦና ከአስቴር ገኖ ጋር ወለጋ ገቡ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ተቀበሏቸው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ቦጂ ደርሶ ማስተማር ጀምሮ ነበር። እርሱ ከሐማሴን የተነሣ ደገኛ ሲሆን ኦሮምኛ ተምሮ በኦሮሞ መካከል የኖረ ሰው ነው። በ1905 በቦጂ በተነሣ የእሳት ቃጠሎ ሌሎችን ለማዳን ሲል ሕይወቱን አሳለፈ። የኦሮሞው ልጅ ወደ ወገኑ ሲመለስ፣ የሐማሴኑ ቄስ ደግሞ ወገኑ ላልሆነው ሞተ። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ኦኔሲሞስ በነቀምት ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ጀመሩ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚሰማውን ነገር ለመስማት ተሰበሰበ። በአገሩ የነበሩት ካህናት አብዛኛዎቹ ኦሮምኛ አያውቁም ነበርና፣ ሰባኪው ምን እንደሚል ሊያውቁ አልቻሉም። የማይገባቸው ቋንቋ ጥርጣሬ አሳደረባቸው፤ የሕዝቡም መሰብሰብ ጥርጣሬውን አባሰው። እመቤታችንን ተሳድቧል የሚል ክስ ቀረበባቸው። በ1906 ኦኔሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙ። ፍርዱም ከአገር እንዲወጡ ሆነ።

ለካህናቱ ፍትሕ ማድረግ ይገባል። ከመቶ ዓመታት በፊት የነበሩትን የሃይማኖት ጠብ በቃልና በጽሑፍ ያውቁ ነበር። ከባሕር ማዶ ሃይማኖት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ወታደር አስከትሎ እንደሚመጣም ያውቁ ነበር። ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ያረፈበት ሰው ግን የተሳሳተ ነበር። የፊታቸው ሰው የባዕድ ወኪል ሳይሆን የአገሩ ልጅ፣ ያውም አገሩን ለማግኘት ሠላሳ አምስት ዓመት የተንከራተተ ሰው ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ጉዳዩን መርምረው የአቡኑን ፍርድ አሻሻሉ። ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። እንግዲህ ወደ ሕዝቡ ለመድረስ ዕድሜውን የፈጀው ሰው፣ ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ አፉ ተዘጋ።

የዝምታ ዓመታት

ከ1906 እስከ 1916 ያሉት ዓመታት በኦኔሲሞስ ሕይወት ውስጥ እምብዛም የማይተረኩ ናቸው። ጉዞ የለም፤ ትልቅ መጽሐፍ አልታተመም፤ በየጊዜው የስደት ዛቻ ነበር። ሆኖም የሰውዬው ትክክለኛ ማንነት የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መስበክ ሲከለከሉ ማስተማር አልተዉም። ልጆችን ፊደል አስቆጠሩ፤ ማንበብና መጻፍ አስለመዱ። ከመካከላቸው የባለጠጋውም የድኻውም ልጆች ነበሩ። መጫፈ ቁልቁሉን ሰው ራሱ እያነበበ እንዲረዳው ማድረግ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ሥር የሚሰድ ሥራ ሆነ።

በዚያ ዘመን በወለጋም ሆነ በቀረው የአገሪቱ ክፍል ባርነት ገና አልጠፋም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ባርነትን ፈጽሞ የሻረበት ዐዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ስለዚህ መምህሩ በየቀኑ ባለባሪያውንም ባሪያውንም ያይ ነበር። በልጅነቱ በእርሱ ላይ የደረሰው በደል በዓይኑ ፊት ሲፈጸም እያየ፣ በዚያው ሕዝብ መካከል መኖርን፣ ለዚያው ሕዝብ ልጆች ማስተማርን መረጠ። ይህ በደልን መቀበል አይደለም። የመጣበት ቃል ባሪያ ወንድም ነው የሚል ነውና፣ ትምህርቱ ራሱ ለባርነት መሠረት የሚፈነቀልበት መጫኛ ነበር። ነገር ግን በዳዩን ለጥፋት የተፈረደበት ሳይሆን ሊለወጥ የሚችል ሰው አድርጎ ያይ ነበር።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ኦኔሲሞስ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስም ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በግልጽ ሰበኩ፤ መጻሕፍታቸውን አደሉ፤ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ ይላቸው ነበር፤ ደስ የሚያሰኝ አባት ማለት ነው። ሰኔ ወር መካከል ላይ፣ ጁን 21 ቀን 1931፣ በነቀምት ዐረፉ።

ትተውት ያለፉት

ኦኔሲሞስ ሲሞቱ የተከታዮቻቸው ቁጥር ታላቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትቋቋም፣ ከመሠረቷ ድንጋዮች አንዱ የእርሳቸውና የጓደኞቻቸው ሥራ ነበር። በአይራ የሚገኘው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰይሟል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ቢሆን፣ የኦሮምኛን ጽሑፍ ታሪክ የሚያጠና ሁሉ በ1894ቱ የንባብ መጽሐፍና በ1899ኙ መጽሐፍ ቅዱስ ደጃፍ ሳያልፍ አይገባም።

ለመምህርነት ሙያ ግን የሕይወታቸው ትርጉም ከእነዚህም ይልቃል። መምህር በየዓመቱ በፊቱ የሚቀመጡትን ልጆች በሁለት መንገድ ሊያያቸው ይችላል። አንደኛው፣ አሁን ባሉበት ልክ መዝኖ፣ ሰነፍ ወይም ጎበዝ፣ የእገሌ ወገን ወይም የእገሌ ጎሣ ብሎ መዝገብ መዝጋት ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ያለፈበትን መከራ በርኅራኄ፣ ገና የሚደርስበትን በተስፋ ማየት ነው። በምጽዋ ገበያ በ1870 ሂካን ያየ ነጋዴ የሚታየው ዋጋው ነበር። የእምኩሉ መምህራን ተማሪ አዩበት። ተማሪው ደግሞ ኋላ በአስቴር ገኖ መምህሩን አየ፤ በሕዝቡ ተረት ውስጥ ጥበብ፣ በከሳሾቹ ውስጥ የፈሩ ወንድሞች፣ በሻጮቹ ልጆች ውስጥ ተማሪዎች አየ።

ይህ አመለካከት ዋጋ ያስከፍላል። ኦኔሲሞስን ሦስት የተዘጉ መንገዶች፣ የበረሃ ንዳድ፣ የፍርድ ቤት ደጅና ዐሥር የዝምታ ዓመታት አስከፍሏቸዋል። ደግሞም ወዲያው ፍሬ አያሳይም። የአዋሽ ውሃ በአውሳ ሲደርስ ባሕርን ሳያይ ይቀራል፤ ለሚያየው ሁሉ ጉዞው ከንቱ የቀረ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ምድረ በዳ መካከል የአፋምቦና የገመሪ ዳርቻ የሚለመልመው፣ ከብቱ የሚሰማራው፣ ሰውም የሚኖረው በዚያው ውሃ ነው። ወደ ባሕር እንዲነዳ ከተሸጠበት መንገድ የተመለሰውም ልጅ ሕይወቱን ያፈሰሰው በተወለደበት ሕዝብ መካከል ነው፤ ከዚያም የጠጡት ብዙዎች ናቸው።